ጥቁሩ የሻይ ጣባ

ሰርክ ስዊድን አገር፣ አልቢ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከቱነልባናው ጣቢያ በላይ ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በጽዳት ሥራ ኖራለች፤ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ መጋዘን፣ የላኳትን ሁሉ አጽድታለች። የሕንጻው ሰዎች የሚያውቋት ምድር ቤት ባለው ትቬትስቱጋ፣ ሁሉም በየተራው ልብስ በሚያጥብበት ክፍል ነው። ሰላም ትላለች፣ ልብሷን ታወጣለች፣ የማሽኑን አፍ በጨርቅ ጠርጋ ትሄዳለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ቅዳሴው አልቆ ሰው ወደ ሻዩ ሲያመራ እሷ ወጥታ ሄዳለች። የሴቶቹ ማኅበር ውስጥ እንድትገባ ሦስት ጊዜ ጠይቀዋት ሦስት ጊዜም የሥራ ሰዓቷን ምክንያት አድርጋ ቀርታለች። ኩራተኛ ናት የሚሏት አሉ።

ሰርክ የምትሸሸው አንድ ጥያቄ ነበር። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ሲገናኝ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የሚመጣውን፦ አገርሽ የት ነው፣ የማን ልጅ ነሽ? ለዚህ ጥያቄ ከዐሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያዘጋጀችው መልስ አላት። ባሕር ዳር ተወለድኩ፣ አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበር ትላለች። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ግን የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ሱቅ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሰው ሳይቀርባት እሷ ትርቃለች።

የተወለደችው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ባለ ተረተር ላይ፣ ሸክላ ሠሪዎች ለብቻቸው በሚኖሩበት መንደር ነው። አባቷን አታስታውሰውም። እናቷ የሻረግ ማሰሮ፣ ድስት፣ ጋን፣ ጣባ እየሠራች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወርዳለች። የታችኛው መንደር ሴቶች ድስቱን አንኳኩተው፣ ድምፁን ሰምተው፣ መርጠው ይገዛሉ፤ ወጣቸውንም ይሠሩበታል። እሷን ግን ደጃፋቸውን አያሳልፏትም። ውሃ ከጠማት በመዳፏ ያፈሱላታል እንጂ ዕቃ አያስነኳትም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር።

ሰርክ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች ታች መንደር አንድ ሕፃን ታመመ። ሦስት ወንዶች መጥተው እናቷን ከሥራዋ አስነሥተው ወሰዷት፤ ሰርክም ከኋላ ተከተለች። ሕፃኑን በር ላይ አውጥተው፣ እንትፍ በይበትና ልቀቂው አሏት። የሻረግ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ እንትፍ አለችበት። ከዚያ ወደ ቤቷ ተመልሳ ያቋረጠችውን ጭቃ ማቡካት ቀጠለች። ሰርክም አልጠየቀችም።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በዚያ የረሃብና የጦርነት ዘመን፣ ሰው ወደ ሱዳን ሲተም እናቷ ራሷ ስንቅ ቋጠረችላት። ሸኝታት ስትመለስ የመጨረሻ ቃሏ ይህ ነበር፦ "እዚያ የሚያውቅሽ የለም። አንቺም አትንገሪያቸው።"

ሰርክ አልተናገረችም። ገዳሪፍ አጠገብ በነበረው ካምፕ ውስጥ ከሙሉመቤት ጋር አንድ ድንኳን ደረሳቸው። ሙሉመቤት የጎንደር ከተማ ልጅ ናት፤ በአራት ዓመት ትበልጣታለች፤ ብሩህ የሚባል የስድስት ወር ልጅ ነበራት። የጨርቅ ነጋዴውን አባት ሰርክ መጀመሪያ የፈጠረችው ለእሷ ነው። ሙሉመቤት ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ስትሰለፍ ሕፃኑን የምታዝለው ሰርክ ነበረች። በክረምቱ ካምፑ ውስጥ ተቅማጥ ገባ። ብዙ ልጆች አለቁ። ብሩህም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሰርክ ጀርባ ላይ እንደታዘለ ሞተ። ሁለቱ ሴቶች አብረው ቀበሩት፤ ከሦስት ዓመት በኋላም አብረው ስዊድን ገቡ። ሙሉመቤት ከዚያ ወዲህ ልጅ አልወለደችም። ሆስፒታል ውስጥ በረዳት ነርስነት ሠላሳ ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ የምትኖረው ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር ነው። ሰርክ በዚህ አገር እህቴ የምትላት እሷን ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ምሳ የሚበሉት በሙሉመቤት ቤት ነበር።

ሰርክ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሚካል። ባሏ ሚካል ሰባት ዓመት ሳይሞላት ወደ ኖርዌይ ሄዶ እዚያው ቀረ። ሚካል አሁን ሰሜን፣ ኡሜዎ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ናት። እናቷ በአማርኛ ስታናግራት በስዊድንኛ ትመልሳለች። ስለ አያቷ የምታውቀው ባሕር ዳር እንደኖረች ብቻ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመስከረም፣ ሰርክ የምትሠራበት የጽዳት ድርጅት ሴትራ ኢንዱስትሪ ሰፈር ወዳለ አሮጌ ሕንጻ መደባት። ምድር ቤቱ ጎማ የሚቀየርበትና አናጢ የሚሠራበት ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን ሠዓሊዎችና የእጅ ባለሙያዎች ክፍል ተካፍለው ይሠራሉ። ሰርክ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንም የለም። በመጨረሻው ክፍል ግን መብራት ነበር።

እዚያ የሚሠሩት ሞሪታ የሚባሉ የሰባ አራት ዓመት ጃፓናዊ ናቸው። ወደ ስዊድን የመጡት በወጣትነታቸው፣ ስዊድናዊት አግብተው ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ የላቸውም። እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው በመጀመሪያው ባቡር ይመጣሉ። ጆሯቸው ስለደከመ የሚያዳምጡበትን መሣሪያ ያደርጋሉ፤ ሲሠሩ ግን አውጥተው ኪሳቸው ይከቱታል። በራቸው ላይ "መደርደሪያውን አትንኩ" የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የሻይ ዕቃዎች ነበሩ። እጀታ የላቸውም፤ በሁለት መዳፍ የሚያዙ፣ ጥቁርና ቀይ፣ ከንፈራቸው ትንሽ ወጣ ገባ የሚል። ጃፓኖች ዱቄት የሆነ አረንጓዴ ሻይ በውሃ መትተው የሚጠጡባቸው ናቸው። ስማቸውን ከመስማቷ በፊት ሰርክ በልቧ ጣባ አለቻቸው።

መጀመሪያ ያየች ቀን መወልወያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ቀረች። ሸክላ ሠሪ ስዊድን ውስጥ አይታ ታውቃለች፤ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የሚሽከረከር ማሽን አላቸው። ሞሪታ ግን ማሽን አልነበራቸውም። ጭቃውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ በአውራ ጣታቸው ከውስጥ፣ በቀሩት ጣቶቻቸው ከውጭ እየሳቡ ግድግዳውን ያቆሙታል። የሻረግም ያለ ማሽን፣ እንዲህ በጣቷ ነበር የምትሠራው። ሰርክ የገዛ ትከሻዋ ከእጃቸው ጋር አብሮ ሲንቀሳቀስ ታወቃት። ሽማግሌው ቀና ብለው አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሷም ወለሉን ወልውላ ሄደች።

እንዲህ ሆኖ የበረዶው ወራት አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ለመድረቅ ጣውላ ላይ ከተደረደሩት ሰባት ጣባዎች አንዱን አየች። ማሞቂያው አጠገብ ስለነበረ አንደኛው ጎኑ ነጥቷል፤ መቀመጫው ግን ገና እርጥብ ነው። ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር። በእጇ እያሳየች "ያኛው ይሰነጠቃል" አለቻቸው። ሞሪታ መሣሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉና ድገሚው አሏት። ደገመችላቸው። ጣባውን አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ምንም አላገኙበትም።

በሳምንቱ ስትመጣ ጣባው ለሁለት ተሰንጥቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ድብልብል ጭቃ ነበር። ሞሪታ እንዴት እንዳወቀች ጠየቋት። ገመትኩ አለቻቸው። ጭቃው ላንቺ ነው አሏት። እሷ ግን ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች።

ጭቃው በሚቀጥለውም ሐሙስ፣ በሦስተኛውም ሐሙስ እዚያው ቆያት። ሞሪታ ጨርቁን እያረጠቡ ያኖሩላት ነበር። በአራተኛው ሐሙስ ስትገባ ክፍሉ ውስጥ የሉም፤ ከጫፍ ካለው ማድቤት የማንቆርቆሪያ ድምፅ ይሰማል። ሰርክ ጓንቷን አወለቀች። ጨርቁን ገልጣ ጭቃውን ነካችው። ቀዝቃዛ ነው። ገፋ አደረገችው፤ አፈሩ ከአገሯ አፈር ይልቅ የላመ ነበር፣ ግን ታዘዘላት። ጭብጧን መሃሉ ላይ ተክላ ጉድጓድ አወጣች፤ ከዚያ ቆማ፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ እየዞረች ግድግዳውን መሳብ ጀመረች። እናቷ ዕቃውን አታዞርም ነበር፤ ራሷ ነበረች ዕቃውን የምትዞረው። ሰርክ እጆቿን ለአርባ ዓመት ሌላ ሥራ ስታሠራቸው ኖራለች። እጆቿ ግን አልረሱም።

ስንት ጊዜ እንደዞረች አታውቅም። ቀና ስትል ሞሪታ ማንቆርቆሪያ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሰርክ እንደ ሌባ ደነገጠች፤ እጇን ልትጠርግ ጨርቅ ፈለገች።

"አትቁሚ" አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሥራዋን ስትጨርስ ሁለት ሰዓት ትቆያለች፤ ትንሽ ቆይቶ ቅዳሜም መምጣት ጀመረች። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው አንተ ነው፣ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ሰርክ ግን በአፏ አንተ እያለች በልቧ አንቱ ትላቸው ነበር። ሁለቱም ስዊድንኛቸው የተሰባበረ ስለሆነ ብዙ አያወሩም። ሞሪታ ሲያስተምሩ እጇን ይዘው ያሳያሉ። ጣባው በሁለት መዳፍ ሲያዝ መሙላት አለበት፤ ከንፈሩ አፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሳሳል፤ ታች ውስጡ የመጨረሻዋ ጉንጭ ሻይ የምትጠራቀምባት ትንሽ ጉድጓድ ይቀርለታል። አያያዙ ሊከብድም ሊቀልም አይገባም። ሰርክ መጀመሪያ የሠራቻቸው ሁሉ ከበዱ። ለወጥ ነው እንዴ አሏት። አዎ ብላ ሳቀች፤ ስትስቅ መጀመሪያ ያዩዋት ያን ቀን ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ እሳቸው በተወለዱበት አገር አንዳንድ ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ብዙ ትውልድ እንደሚቆይ፣ ጣባው የሠሪው ስም በተጻፈበት የእንጨት ሣጥን እንደሚቀመጥ ነገሯት። ሰርክ ሥራዋን አቁማ ጠየቀቻቸው።

"ሰዎች ሸክላ ሠሪውን ቤታቸው ያስገቡታል?"

ሞሪታ ስዊድንኛው የተሳሳተባት መስሏቸው ሳቁ። ፊቷን ሲያዩት መሳቃቸውን ተዉ። የት ነው የማያስገቡት አሏት። ሰርክ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች፤ እሳቸውም አልገፉበትም። በምትኩ የራሳቸውን ነገሯት። አባታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ እሳቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ምድጃውም ስሙም ለታላቅ ወንድማቸው ተሰጠ። ተጣልተው አገር ለቀቁ። አባታቸው ሲሞቱ ለቀብር አልሄዱም። ይህን የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በግንቦት ወር ግቢው ውስጥ ያለውን ትንሽ የጋዝ ምድጃ ለኮሱ። ይህ አተኳኮስ ፈጣን ነው። ጣባው ግላሲር የሚሉትን ቅብ ተቀብቶ ይገባል፣ እንደ ፍም ሲቀላ በረጅም ጉጠት ተጎትቶ ወደ ቀዝቃዛው አየር ይወጣል። ሞሪታ ቆዳ ጓንታቸውን አውልቀው ለሰርክ ሰጧት። ጉጠቱን ይዛ የራሷን ጣባ አወጣችው። ድንጋዩ ላይ ስታስቀምጠው ቅላቱ እየደበዘዘ፣ ቅቡ ጥቃቅን ድምፅ እያሰማ፣ ዐይኗ እያየ ጠቆረ። እናቷ በኩበትና በእንጨት ተኩሳ ከአመድ ውስጥ የምታወጣው ድስት እንዲህ ነበር የሚጠቁረው። ሰርክ ጉጠቱን አላስቀመጠችም።

"ማን ነው ያስተማረሽ?" አሉ ሞሪታ።

"እናቴ። ሸክላ ሠሪ ነበረች።"

"ስሟ ማን ነው?"

ሰርክ ስዊድን ከገባች ጀምሮ የእናቷን ስም ለሌላ ሰው ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። በየወረቀቱ ሞልታዋለች፤ ያን ግን የሚያነበው ጸሐፊ ነው። "የሻረግ" አለች። ሞሪታ ሞከሩት፦ የ፣ ሻ፣ ሬ፣ ጉ። አስተካከለቻቸው፣ እንደገና ሞከሩ። በሦስተኛው ሰርክ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። መንደሩን፣ በመዳፍ የሚፈሰውን ውሃ፣ በሩ ላይ የቀረበውን ሕፃን። ቡዳ የሚለው ቃል በስዊድንኛ ስለሌለ፣ ዓይናችን ሰው የሚበላ ይመስላቸው ነበር አለች። እናቷ የሞተችው እሷ እዚህ ከገባች ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ደብዳቤው ሲደርሳት ለማንም አልተናገረችም። ለቅሶ ብትቀመጥ ሰው ይመጣል፤ ከመጣው ሰው መሃል ደምበጫን የሚያውቅ አይጠፋም። በማግስቱ ምንም እንዳልደረሰባት ሆና ዋለች።

ሞሪታ ጆሮአቸውን አዘንብለው ሲሰሙ ቆዩ። "ግን በእሷ ድስት ይበሉ ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"ይበሉ ነበር።"

"እንግዳ ሰዎች ናቸው" አሉ። ተነሥተውም የቀሩትን ጣባዎች ለማውጣት ወደ ምድጃው ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከታች ያለው አናጢ የሠራላቸውን ትንሽ የጥድ ሣጥን አመጡላት። ክዳኑ ላይ የሠሪው ስም ይጻፋል አሏት። ሰርክ የእናቴን ስም ጻፉልኝ አለች። ሠሪዋ አንቺ ነሽ፣ የሰው ሥራ ላይ የሌላ ስም አይጻፍም ብለው እምቢ አሉ። ተከራከሩ። በመጨረሻ በብሩሽና በቀለም፣ በጃፓን ፊደል፣ "ሰርክ፣ የየሻረግ ልጅ" ብለው ጻፉ። ሰርክ ፊደሉን ማንበብ ባትችልም የትኛው ምልክት የትኛው ድምፅ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠይቃቸው አጠናችና ሣጥኑ ውስጥ ጥቁሩን ጣባ ከትታ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች።

በመስከረም የሕንጻው ባለሙያዎች በራቸውን ለሕዝብ ከፍተው ሥራቸውን አሳዩ። አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ በፌስቡክ ለቀቀው። ሰርክ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ፣ ጠረጴዛ እየዞረች፣ ስሟም ተጽፎ። ፎቶው እየተቀባበለ ሙሉመቤት ጋ ደረሰ።

እሑድ ምሳ ሊበሉ ሲሉ ሙሉመቤት ስልኳን አሳየቻት። ኮርስ ጀምረሽ ነው ወይ፣ ምነው ሳትነግሪኝ ብላ እየሳቀች ነበር የጠየቀችው። ሰርክ አዎ ኮርስ ነው ማለት ትችል ነበር፤ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እንጀራውን ሳትነካ ተናገረች። ባሕር ዳርን አላውቃትም አለች። አባቴን አላውቀውም፣ እናቴ ደምበጫ አካባቢ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ሰው ቡዳ ይለን ነበር።

ሙሉመቤት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ፣ ለእኔ እንኳ አለች፤ አርባ ዓመት ሊሆነን ነው፣ ለእኔ እንኳ? ሰርክ መጀመሪያ ፈርቼ ነው፣ ኋላ ደግሞ ውሸቱ አረጀብኝ፣ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ አለቻት። ሙሉመቤት ተነሥታ የታጠቡ ብርጭቆዎችን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ብሩህን ያን ለት አዝለሽው ነበር።"

ሰርክ ይህን ዓረፍተ ነገር ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች። "አዎ" አለች። "አዝዬው ነበር።"

ሙሉመቤት ሳትዞር፣ ዛሬ ሂጂልኝ አለቻት። ሰርክ ኮቷን ለብሳ ወጣች። ከሻርሆልመን እስከ አልቢ በቱነልባና ጥቂት ጣቢያ ነው፤ ያን ቀን ግን በእግሯ ሄደች። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት።

ስልክ አልመጣም። ሰርክም አልደወለችም። በሚቀጥሉት እሑዶች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ብቻዋን በላች። በኅዳር ሞሪታ መንገድ ላይ ወደቁ። የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ተያዘ። ሰርክ ሆስፒታል እየሄደች ትጠይቃቸው ነበር። ዘመድ ነሽ ወይ ሲሏት፣ ምን ብላ እንደምትመልስ ስላላወቀች፣ አብረን እንሠራለን ትላለች። አንዳንድ ቀን ጭቃ በላስቲክ ጠቅልላ ትወስድና ግራ እጃቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። ጨበጥ ለቀቅ ያደርጉታል።

በየካቲት የወንድማቸው ልጅ ከጃፓን መጣ። ወደዚያ ሊወስዳቸው ነው። አባቱ፣ ያ ምድጃውን የወረሰው ታላቅ ወንድም፣ በሕይወት የለም፤ ቤቱ ግን አለ፣ ለእንክብካቤም ይመቻል አላት በእንግሊዝኛ። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሞሪታ ሥራ ቦታቸውን ማየት ፈለጉ፤ በተሽከርካሪ ወንበር አመጧቸው። ሰርክ እዚያ ጠበቀቻቸው። መደርደሪያውን፣ ጠረጴዛውን፣ ጉጠቱን በዐይናቸው ዞሩት። በግራ እጃቸው ወደ ጉጠቱ ከዚያ ወደ እሷ ጠቆሙ። ክፍሉን እሷ እንድትይዘው ለሕንጻው ባለሙያዎች ማኅበር አስቀድመው ጽፈውላት እንደነበር ሰርክ ያወቀችው ኋላ ነው።

ሰርክ ከቦርሳዋ የጥድ ሣጥኑን አወጣች። ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። ሞሪታ ራሳቸው የጻፉትን ጽሑፍ አይተው ሣጥኑን ወደ እሷ ገፉት፤ ያንቺ ነው ማለታቸው ነው። ሰርክ መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችው።

"ይውሰዱት" አለች በአማርኛ። አንቱ የምትልበት ቋንቋ እሱ ብቻ ነው። "ስሟ እዚያ አገር ይግባ።"

ቃሉን አልተረዱትም። ሣጥኑን ግን በደህናው እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። የወንድማቸው ልጅ ሊቀበላቸው ሲል አልሰጡትም፤ እንደያዙት አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሰርክ ጠረጴዛ እየዞረች ሳለች በሩ ተንኳኳ። ሙሉመቤት ነበረች። ስድስት ወር አልፏል። ከስታለች። ሰርክ ወንበር ሰጠቻት፤ ሙሉመቤት ግን ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ተናገረች።

"አስቤዋለሁ፣ ሰርክ። ያን እሑድ አንቺም እንዳሰብኩት አውቀሻል።"

"አውቄያለሁ።"

"ልጄን ውሃው ነው የገደለው። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ሠርቼ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ያኔም አውቀው ነበር። ግን ዓይንሽ ይሆን ብዬ አሰብኩት። ብዙ ቀን አሰብኩት። በራሴ አፈርኩ፣ አፍሬ ነው የጠፋሁት።" የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። "ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት። እንደ ድሮው እንሆናለን ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም።"

ሰርክ እጇ ላይ ያለውን ጭቃ ተመለከተች። "እኔም አልችል ይሆናል" አለች። "ግን ቁጭ በይ።"

ሙሉመቤት ተቀመጠች። ስለ የሻረግ ጠየቀቻት፤ በሕይወት አለች ወይ አለች። ሰርክ የሞተችበትን ዓመት ስትነግራት ሙሉመቤት አሰበችና በዚያ ዓመት የአንቺን ልጅ ክርስትና አብረን አላስነሣንም ወይ አለቻት። አዎ፣ ደብዳቤው የደረሰኝ ከክርስትናው በፊት ነው አለች ሰርክ። ሙሉመቤት ነጠላዋን ከአንገቷ አውጥታ በለቅሶ ደንብ አዘቀዘቀችና አለቀሰች። ሰርክ አብራት አለቀሰች። ታች ቤት የአናጢው መጋዝ ይሠራ ነበር፤ ድምፃቸውን ማንም አልሰማም።

ሙሉመቤት አሁን በወር አንዴ፣ አንዳንዴ በሁለት ወር ትደውላለች። የእሑዱ ምሳ አልተመለሰም። ሁለቱም ሞክረው፣ አንድ ሁለቴ ተገናኝተው፣ ወሬው በመሃል እየደረቀባቸው ተዉት። ለሚካል ሰርክ በስልክ ነገረቻት። ሚካል በስዊድንኛ፣ እሺ፣ እና ይህን ሁሉ ዘመን የደበቅሽው ለዚህ ነው አለች። ነገሩ ለእሷ ቀላል መሆኑ ሰርክን አስደሰታት፤ ትንሽም አስከፋት። ልጅቷ በበጋ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ ሥራ በዝቶባት ቀረች።

ሰርክ ቅዳሜ ቅዳሜ በሞሪታ ክፍል ትሠራለች። በሩ ላይ የነበረውን ወረቀት አላነሣችውም። ብዙውን ቀን ማንም አይመጣም፤ ምሳዋን በላስቲክ ዕቃ ይዛ መስኮቱ ሥር ትበላለች። የወንድማቸው ልጅ ሁለት ጊዜ ፎቶ ልኮላታል። የመጨረሻው የደረሳት ባለፈው ነሐሴ፣ ምድጃውን ለኩሳ እየጠበቀች ሳለች ነው። ሞሪታ መስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ወደ ካሜራው አያይም፤ በጣም ቀጥነዋል። መልካም ምኞቷን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ሞክራ ቃላቱ ስላስቸገሯት ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

እሳቱ ደርሶ ነበር። የቆዳ ጓንቱን አድርጋ ብቻዋን የምድጃውን ክዳን አነሣች።